ስለት የሚያነበው ሥዕል

ነሐሴ ሲመጣ የዋጓ ከተማ ሰቆጣና አካባቢዋ በሻደይ ይደምቃሉ። ከነሐሴ 16 ጀምሮ ልጃገረዶች የሻደይ ቅጠል ወገባቸው ላይ አስረው በከበሮ እየዘፈኑ ይዞራሉ። ለእንዲህ ያለ በዓል ባነር ይታዘዛል፣ ቲሸርት ይታተማል፣ የመኪና መስታወት ላይ የሚለጠፍ ጽሑፍ ይቆረጣል። ያኔ እጁ ሥዕል የሚያውቅ ልጅ ይፈለጋል። ሹሩባውን፣ የቀሚሱን ጥልፍ፣ የከበሮውን ጠፍር በእርሳስ አሳምሮ ይሥልና በስልኩ ፎቶ አንስቶ ለቆራጩ ይልካል። ቆራጩ ፎቶውን ኮምፒውተር ላይ ከፍቶ አየት ያደርገውና «ይሄ እንዲሁ አይቆረጥም» ይላል።

ሥዕሉ ምንም አልጎደለውም። ማሽኑ ግን ሥዕል አያይም።

ብዙዎች ፕሎተር የሚሉት ስቲከር መቁረጫ አሠራሩ ቀላል ነው። ጥቅል ስቲከሩን በጎማ መንኮራኩሮች ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይጎትታል፤ ስለት የተገጠመበት ጭንቅላቱ ደግሞ ግራና ቀኝ ይመላለሳል። ሁለቱ እንቅስቃሴዎች ሲጣመሩ የፈለጉት ቅርጽ ይወጣል። የሚቀበላቸው ትእዛዞች ጥቂት ናቸው፦ ስለቱን አውርድ፣ ስለቱን አንሳ፣ ወደዚህ ነጥብ ሂድ። አብዛኞቹ ማሽኖች የሚሠሩት ሂውሌት ፓካርድ ለሥዕል ማሽኖቹ ባዘጋጀው ኤችፒጂኤል በተባለ የትእዛዝ ቋንቋ ነው። በዚህ ቋንቋ ትንሿ እርምጃ 0.025 ሚሊሜትር ናት፤ አንድ ሚሊሜትር ውስጥ 40 እርምጃ አለ። ጥላ ወይም ደብዘዝ ያለ ግራጫ ለስለቱ ትርጉም የለውም። ወይ ይቆርጣል፣ ወይ አይቆርጥም።

የስልኩ ፎቶ በአንጻሩ የጥቃቅን ካሬዎች ሰንጠረዥ ነው። አንድ ኤ4 ወረቀት በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ቢነበብ 2,480 በ3,508፣ ማለትም 8.7 ሚሊዮን ገደማ ካሬ ይወጣዋል። እያንዳንዱ ካሬ የሚያውቀው የራሱን ቀለም ብቻ ነው፤ ጎረቤቱ የሹሩባው ክፍል ይሁን የወረቀቱ እድፍ አያውቅም። ስለቱ የሚጠይቀው ግን ከየት ልነሳ፣ በየት በኩል ልዙር፣ የት ልቁም ብሎ ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ ያለው ቬክተር የሚባለው የሥዕል ዓይነት ነው። ቬክተር ውስጥ ነጥቦች አሉ፤ በነጥቦቹ መካከል ደግሞ በቀመር የተገለጸ ኩርባ አለ።

ቀመሩ የተወለደው መኪና ፋብሪካ ውስጥ ነው። በፈረንሳዩ ሲትሮየን ይሠራ የነበረው የሒሳብ ባለሙያ ፖል ደ ካስቴልዦ በ1959 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ዘዴውን አገኘ፤ ፋብሪካው ግን ምስጢር አድርጎ ያዘው። የተፎካካሪው የሬኖ መሐንዲስ ፒየር ቤዚዬ ለብቻው እዚያው ደርሶ በ1960ዎቹ ስላሳተመው ኩርባው በቤዚዬ ስም ቀረ። ካስቴልዦ ተበድሏል ባይ ነኝ፤ ስሙ ግን ቢያንስ ኩርባውን በሚያወጣው ስሌት ላይ ተርፏል። ሁለቱም የፈለጉት የመኪናን ጎን ቅርጽ በቁጥር ጽፎ ለማሽን መስጠት ነበር። ስቲከር ቆራጩም የሚያደርገው ያንኑ ነው።

ስሌቱን በእርሳስና በማስመሪያ መሞከር ይቻላል። ወረቀት ላይ አራት ነጥቦች አስቀምጡ። ከመጀመሪያው ኩርባው ይነሳል፣ በመጨረሻው ያርፋል፤ መካከለኞቹ ሁለቱ ኩርባውን ወደ ራሳቸው የሚስቡ እጀታዎች ናቸው። አራቱን በተርታ በሦስት መስመር አያይዙ። በየመስመሩ እኩሌታ ላይ ምልክት አድርጉና ምልክቶቹን በሁለት መስመር አገናኙ፤ የእነዚያን እኩሌታ ደግሞ በአንድ መስመር። የዚያ የመጨረሻ መስመር እኩሌታ በትክክል ኩርባው ላይ ይውላል። በእኩሌታው ፈንታ ሩቡን፣ ከዚያ ሲሶውን እየወሰዳችሁ ብትደግሙት ነጥቦቹ ተሰልፈው ኩርባውን ያወጡላችኋል።

ይህ ዘዴ ምን ያህል ቆጣቢ እንደሆነ በክብ ይታያል። አንድ ክብ በአራት ነጥብና በአራት ኩርባ ይሠራል። ፍጹም ክብ አይሆንም፤ ስህተቱ ግን ከሬዲየሱ 0.027 ከመቶ ገደማ ነው። ሬዲየሱ 10 ሳንቲሜትር ለሆነ ክብ 0.027 ሚሊሜትር ማለት ነው፤ የማሽኑ አንድ እርምጃ ያህል። በዓይን አይታይም። ደግሞም ቀመር ስለሆነ የቲሸርት ኪስ ላይ የነበረው ምልክት ጠርዙ ሳይሸራረፍ የአይሱዙ ጎን ያህል ይሰፋል።

ታዲያ የእርሳሱ ሥዕል እንዴት ወደዚህ ይመጣል? ኮረልድሮውም፣ ኢሉስትሬተርም፣ በነፃ የሚገኘው ኢንክስኬፕም ፎቶን በራሱ ወደ ቬክተር የሚቀይር መሣሪያ አላቸው። ኢንክስኬፕ የሚጠቀመው ፒተር ሴሊንገር የሠራውን ፖትሬስ ነው። ፖትሬስ መጀመሪያ እያንዳንዱን ካሬ ጥቁር ወይም ነጭ ብሎ ይፈርጃል፤ ከዚያ የጥቁሩን ዳርቻ ተከትሎ ብዙ ማዕዘን ያለው ቅርጽ ያወጣል፤ በመጨረሻ የትኛው ማዕዘን ሹል ይቅር፣ የትኛው ይለስልስ ብሎ ወስኖ ኩርባ ያደርገዋል። ጥፋቱ የሚጀምረው ከመጀመሪያው ፍርድ ነው። እርሳስ ግራጫ ስለሆነ ሳሳ ያለው ክፍል «ነጭ» ተብሎ መስመሩ ይቆራረጣል። በወረቀቱ ጥግ ያረፈው የእጅ ጥላ ደግሞ «ጥቁር» ተብሎ ትልቅ እድፍ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ሥዕሉን በጥቁር እስክሪብቶ ወይም በማርከር ድገሙት፣ ፎቶውንም በቀን ከጥላ ስር፣ ስልኩን ከወረቀቱ በላይ ቀጥ አድርጋችሁ አንሱት። ስካነር ከተገኘ ደግሞ እሰየው።

ይህም ሆኖ ጀማሪዎች ሁሉ የሚደናገሩበት አንድ ቦታ አለ። እኛ «መስመር» የምንለው ለስለቱ መስመር አይደለም። በማርከር የተሳለ መስመር ስፋት ስላለው ኮምፒውተሩ ግራና ቀኝ ሁለት ዳርቻ ያገኝለታል፤ ስለቱም በሁለቱም በኩል ሄዶ በመካከል ቀጭን ክር ያስቀራል። ክሩ ከ1 ሚሊሜትር ከቀጠነ ትርፉ ሲነቀል አብሮ ይነሳል። ለስቲከር የሚሥል ሰው ዳርቻ ያለው ስፍራ እየሣለ መሆኑን ከመጀመሪያው ማሰብ አለበት።

በሐረግ ላይ ይህ ጎልቶ ይታያል። በብራና መጻሕፍት ራስጌና ኅዳግ ላይ የምናውቀው ሐረግ አንዱ ጠፍር በሌላው ላይ እያለፈ የሚጎነጎን ነው። በፎቶ ተነስቶ በራሱ ቢቀየር እያንዳንዱ መሻገሪያ ላይ ስለቱ አንዱን ጠፍር በሌላው ውስጥ ይቆርጠዋል፤ ሲነሳም ይበታተናል። መፍትሔው በመሻገሪያው ላይ ከስር የሚያልፈውን ጠፍር ከላይኛው ግራና ቀኝ በትንሽ ክፍተት ማቋረጥ፣ ወይም ሁሉንም አዋህዶ አንድ ዳርቻ ማድረግ ነው። ይህን ፕሮግራሙ አይወስንም። የትኛው ከላይ፣ የትኛው ከስር እንደሚያልፍ የሚያውቀው ሐረጉን የጎነጎነው ሰው ነው።

ፊደልም የራሱ ጣጣ አለው። «ሰቆጣ» ብላችሁ ቁረጡ። ሰ እና ጣ ክፍት ስለሆኑ እያንዳንዳቸው አንድ ዳርቻ ብቻ አላቸው። ቆ ግን የታጠሩ ባዶ ዓይኖች አሉት፤ እያንዳንዱ ዓይን ለብቻው የተዘጋ ዳርቻ ነው። ለስቲከር ችግር የለም፤ ዓይኖቹ በመርፌ ተነቅለው ይወጣሉ፣ ፊደሉም ከላዩ በሚለጠፍ ማንሻ ወረቀት ሳይዛነፍ ይጓዛል። ነገር ግን የተቆረጠውን ለቀለም መርጫ ቅርጽ ካደረጋችሁት፣ ለምሳሌ ማዳበሪያ ጆንያ ላይ ምልክት ለማድረግ፣ የቆ ዓይኖች መያዣ ስለሌላቸው ወድቀው ፊደሉ ድፍን ጥቁር ይሆናል። ቀጭን ድልድይ መተው ግድ ነው። ድልድዩ የት እንደሚያምር ማየት የፈለገ ቀዳዳ የበዛበትን የላሊበላ መስቀል ይመልከት፤ ከተጎነጎኑት ክንፎቹ አንዱም ክፍል ከሌላው ሳይያያዝ የቀረ የለም።

ነጥብ ማብዛትም ሌላው በሽታ ነው። በራሱ የተቀየረ ሥዕል በአራት ነጥብ የሚያልቀውን ክብ በሠላሳ ነጥብ ያወጣዋል። ስለቱ ደግሞ እንደ ብዕር ቀጥ ብሎ አልቆመም። ጫፉ ከሚሽከረከርበት መሐል ሩብ ሚሊሜትር ገደማ ወደ ኋላ ገባ ያለ ነው፤ በነፃ እየዞረ ይጎተታል። ትልሙ ጫፍ ላይ የደረሰ አራሽ ማረሻውን ባለበት ማዞር እንደማይችልና በሬዎቹን ዞር እንደሚያደርግ፣ ስለቱም ማዕዘን ላይ ሲደርስ ማሽኑ ጥቂት አሳልፎ ቅስት ያዞረዋል። በየግማሽ ሚሊሜትሩ ነጥብ ካለ ስለቱ ሲዞር ብቻ ይውላል፤ ስቲከሩ ይሸበሸባል፣ ጠርዙም ይንቀጠቀጣል።

ስለዚህ ለፊደልና ለሐረግ የእኔ ምርጫ የታወቀ ነው፦ ፎቶውን ከስር አንጥፎ በብዕር መሣሪያው በእጅ መከተል። ነጥቦቹን በማዕዘኖች ላይ፣ እንዲሁም ኩርባው ከፍተኛውን፣ ዝቅተኛውን፣ የግራና የቀኝ ጫፉን በሚነካባቸው ቦታዎች ላይ ብቻ አስቀምጡ፤ የቀረውን እጀታዎቹ ይጨርሱታል። በራሱ የሚቀይረውን መሣሪያ በጥቁር ቀለም ለተሞላ ድፍን ቅርጽ ተዉት። ፈጣን ነው፤ ግን ጎበዝ ሠዓሊ አይደለም።

ዝግጁ ፎንት እያለ ምን አደከመን የሚልም አለ። በእርግጥ ኮምፒውተር ላይ የተጻፈ ፊደል ቀድሞውኑ ኩርባ ስለሆነ ወዲያው ይቆረጣል። ፊደላችን በ1999 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ፣ ዊንዶውስ ቪስታም ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ ከመጣ ወዲህ ሥራው ቀሏል። የከተማ ሱቆች ሁሉ በአንድ ሰው እጅ የተጻፉ መምሰላቸው ግን ያሰለቻል። የዋግ ማር ዕቃ ላይ የሚለጠፍ ምልክት በአካባቢው ልጅ እጅ ቢጻፍ ሌላ መልክ ይኖረዋል።

ከመቁረጥ በፊት አንዲት ትንሽ ካሬ ቆርጣችሁ ሞክሩ። ስቲከሩ ተቆርጦ ከስሩ ያለው የሚያንሸራትት ወረቀት ሳይበሳ ከቀረ የስለቱ ጫና ልክ ነው። ለቲሸርት የሚሆነው ፊልም ከጀርባው ስለሚቆረጥ ጽሑፉን በመስታወት እንደሚታይ ገልብጡት፤ ይህን የረሳ ብዙ ፊልም ጥሏል። ለውጭ የሚለጠፍ ከሆነ ዋናው የስቲከሩ ጥራት ነው። የአልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትር ከፍታ 10 ከመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ሰቆጣ ደግሞ ከ2,200 ሜትር በላይ ናት። ርካሹ ስቲከር እዚህ ፀሐይ ላይ ቶሎ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። በፈሳሽ መልክ ፈስሶ በስሱ የሚሠራው፣ ውፍረቱ 50 ማይክሮን ገደማ የሆነው፣ ውድ ቢሆንም ይቆያል። የማለዳው ብርድ ሳይለቅ አትለጥፉ፤ ሙጫው አይዝም።

ለመለማመድ ማሽን መግዛት አያስፈልግም። ኢንክስኬፕ በነፃ ይወርዳል፣ በአሮጌ ላፕቶፕም ይሠራል። በአንዲት ፊደል፣ በቆ፣ ጀምሩ። ሲያልቅ በኤስቪጂ አስቀምጡት፤ ብዙ ጊዜ ከጥቂት ኪሎባይት አይበልጥም፣ በደካማ ኔትወርክም ያልፋል። ወልዲያም ሆነ ደሴ ላለ ቆራጭ በቴሌግራም ስትልኩት ግን በፎቶ መልክ ሳይሆን በፋይል መልክ ላኩት፤ ቴሌግራም ፎቶን ይጨምቃል፣ ኩርባዎቻችሁም ተመልሰው ካሬ ይሆናሉ።