በግድግዳ ላይ የተዘረጋ የኤሌክትሪክ ቱቦ ለምን ይጎብጣል?

በጭሮ (አሰበ ተፈሪ)፣ በሂርናና በገለምሶ ብዙ ቤቶች ግድግዳቸው ከእንጨትና ከጭቃ የተሠራ ነው። እንዲህ ባለ ቤት ጓሮ ውስጥ የእንጨት ወይም የብየዳ ወርክሾፕ ሲከፈት የኤሌክትሪክ ሽቦውን በግድግዳው ውስጥ መቅበር አይመከርም፤ ጭቃው ሲቦረቦር ምርጉ ይፈርሳልና። ስለዚህ ሽቦውን በፒ.ቪ.ሲ. ቱቦ (ኮንዲዩት) አስገብቶ በግድግዳው ፊት ላይ መዘርጋት የተሻለ ነው። ይሁን እንጂ ጠዋት ቀጥ ብሎ የተሠራው ቱቦ ከሰዓት በኋላ እንደ እባብ ተጥመልምሎ ሲታይ ባለቤቱ ባለሙያውን ይወቅሳል። ለመሆኑ ቱቦውን ምን አጎበጠው?

መልሱ ሙቀት ነው። ፒ.ቪ.ሲ. በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ የሙቀት ጭማሪ በየሜትሩ 0.07 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። ቁጥሩ ኢምንት ይመስላል። ነገር ግን በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የጠዋቱና የቀትሩ ሙቀት በ25 ዲግሪ ቢለያይ 6 ሜትር ቱቦ በ1 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል ማለት ነው። ከጭሮ ዝቅ ብላ በምትገኘውና ሞቃት በሆነችው ሚኤሶ ይህ ጉዳይ ይበልጥ ሊታሰብበት ይገባል። በየ1 ሜትሩ አጥብቆ የታሰረ ቱቦ መሄጃ ስለሚያጣ በመያዣዎቹ መካከል እስከ 2.5 ሳንቲ ሜትር ሊጎብጥ ይችላል። ከ2 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ትርፍ ርዝመት ይህን ያህል ጉብጠት ማስከተሉ አስገራሚ ቢሆንም የጂኦሜትሪ ስሌቱ የሚሰጠው ውጤት ይኸው ነው። መፍትሔው መያዣው ቱቦውን ሳያንቅ እንዲደግፈው ማድረግ፣ አንዱንም ጫፍ ያለ ማጣበቂያ በሳጥኑ አንገት ውስጥ ጥቂት ክፍተት ትቶ ማስገባት ነው። የመያዣው ብሎን ደግሞ በጭቃው ላይ ሳይሆን በቋሚው እንጨት ላይ ይመታ፤ ግድግዳውን በጣት ቢያንኳኩ እንጨቱ ያለበት ቦታ በድምፁ ይታወቃል።

ከጉብጠቱ ይልቅ የሚያሰጋው ግን የመታጠፊያዎች ብዛት ነው። የሐረርጌ ሰንጋ የሚጎትተው ገመድ በዛፍ ግንድ ላይ ሁለት ጊዜ ከተጠመጠመ አንድ ሰው ብቻውን በሬውን ሊገታው ይችላል፤ ሰበቃ በየዙሩ እየተባዛ ያግዘዋልና። በቱቦ ውስጥ ሽቦ ስንስብ ይኸው ሕግ በተቃራኒው ይሠራብናል። የሰበቃው መጠን 0.4 ቢሆን፣ አንድ የ90 ዲግሪ መታጠፊያ የመሳቢያውን ኃይል ወደ 1.9 እጥፍ ያሳድገዋል። አራት መታጠፊያዎች ሲደራረቡ ኃይሉ ከ12 እጥፍ ይበልጣል! የአሜሪካ የኤሌክትሪክ ደንብ በሁለት ሳጥኖች መካከል የመታጠፊያዎቹ ድምር ከ360 ዲግሪ እንዳይበልጥ የሚከለክለው በዚህ ምክንያት ነው። በእጅ ለሚሳብ ሽቦ ግን ከሁለት መታጠፊያ በኋላ የማገናኛ ሳጥን መትከል ይበጃል እላለሁ። መታጠፊያው ሰፊ ቢሆን የሰበቃው ድምር አይቀንስም፤ ነገር ግን ጠባብ መታጠፊያ ግፊቱን ሁሉ በአንዲት ቦታ ስለሚከምረው የሽቦውን የፕላስቲክ ሽፋን ይልጠዋል። በቱቦ ውስጥ የተላጠ ሽቦ ለዓይን አይታይም። ሁለት የተላጡ ሽቦዎች በ220 ቮልት ሲነካኩ ግን ብልጭታ ይፈጠራል፤ ግድግዳው ደግሞ ጭድና እንጨት ነው።

ስለሆነም ሽቦው ከተሳበ በኋላ፣ ከቆጣሪው መስመር ጋር ሳይገናኝ፣ በሽቦዎቹ መካከል ያለው መከላከል በፈቃድ ባለው ባለሙያ በመሣሪያ ይለካ። በዚያው ቱቦ የመሬት (ኧርዝ) ሽቦም አብሮ ይሳብ፤ የብየዳ ማሽንና የእንጨት መጋዝ አካላቸው ብረት ነውና።