ከሕመም በኋላ በሦስት ጎማ

ባለ ሁለት ጎማ ሞተር ብስክሌት በሚሄድበት ጊዜ ሚዛኑን በቀላሉ ይጠብቃል፤ በቆመ ጊዜ ግን ክብደቱን የሚሸከመው የነጂው እግር ነው። ከባዱ ዓይነት ከ300 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል። ስለዚህ ጉልበቱ የታመመ ወይም በአንጎል ሕመም ምክንያት አንድ ወገኑ የደከመ ሰው፥ መንዳቱን ሳይረሳ ማቆሙ ያቅተዋል።

ለዚህ ችግር የሚረዳው ሦስተኛው ጎማ ነው። አሳቡ የቈየ ነው፤ ቨስፓን የነደፉት ኢጣሊያዊው መሐንዲስ ኮራዲኖ ዳስካኒዮ፥ «አፔ» ማለት ንብ የተባለውን የነጋዴ ዕቃ ማመላለሻ ባለ ሦስት ጎማ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1948 ዓ.ም. አውጥተዋል። ይኸው የፒያጆ ኩባንያ በ2006 ዓ.ም. ያቀረበው ኤምፒ 3 ከፊቱ ሁለት ጎማዎች አሉት፤ በመታጠፊያ ላይ ያጋድላል፤ ሊቆም ሲል ግን ነጂው ማጋደሉን ቈልፎ እግሩን መሬት ሳያስነካ ሊቀመጥ ይችላል።

ይሁን እንጂ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በ2007 ዓ.ም. እንደ ወጣው እንደ ካናዳው ስፓይደር ያለው የማያጋድል ዓይነት የሚዞረው በመሪው ብቻ ስለ ሆነ፥ ዘንበል ብሎ መዞር የለመደውን ነጂ የቀድሞ ልማዱ ያሳስተዋል፤ እንደ አዲስ መማር ይገባዋል። ሕመሙ ዓይንን ወይም የማስተዋልን ኃይል ነክቶ እንደ ሆነ ደግሞ የጎማ ብዛት አያድነውም።

በመሆኑም አስቀድሞ ሐኪም ይመርምረው፤ ቀጥሎም ፈቃድ ሰጪው ይፈትነው። ችሎታው የተረጋገጠለትን ሰው ግን ስለ ሦስተኛው ጎማ መናቅ ነውር ነው፤ በሰዓቱ ሱቁን የሚከፍት፥ ከጽሕፈት ቤቱም የማይቀር ሰው ለቤቱም ለአገሩም ይጠቅማልና።