ዓመት ያልሞላው ጎሚኒ

ድምፁ የሚሰማው ቀስ ብዬ ስነዳ ብቻ ነበር። አስፋልት ላይ ምንም የለም። ወደ ሰፈራችን ኮብልስቶን ስገባ ግን ከቀኙ የፊት ጎማ በኩል «ኳ፣ ኳ» ይላል፤ ፍሬን ስይዝ ደግሞ አንዴ ጠንከር ብሎ ይመታና ዝም። መኪናዋ በፈረንጆች 1991 መመረት የጀመረው ኢ100 የሚባለው ኮሮላ ናት። በዚህ ዕድሜዋ ድምፅ ማሰማቷ አይገርምም። የገረመኝ ሌላ ነው፦ የፊት እግሯ አንድ ጋራዥ ውስጥ ከታደሰ ዓመት አልሞላውም። ሾኩ፣ ቴስቲናው፣ የብራቾው ጎሚኒ፣ ሁሉም አዲስ ተብሎ ተከፍሎበታል።

ስለዚህ ምኑ እንደተበላ ማወቅ ብቻ አይበቃኝም ነበር። አዲስ የገባ ዕቃ ለምን ቶሎ እንደተበላ ሳላውቅ ሌላ መግዛት ገንዘብ መበተን ነው። መኪናዋን ግቢ ውስጥ አቁሜ ራሴ ልፈትሻት ወሰንኩ።

ከሾኩ ጀመርኩ። ፓራፋንጎውን በሁለት እጄ ተጭኜ ስለቀው አንዴ ከፍ አለና ረጋ። ሾኩ የሞተ መኪና እንዲህ አይረጋም፤ ደጋግሞ ይናጣል። ዘይትም አላንጠባጠበም። የስታቢላይዘሩ ሊንክም ደህና ነው። ብራቾውን ከጎማው ጋር የሚያገናኘው ቴስቲና ግን ዝም ብሎ በመነቅነቅ አይፈተንም። በዚህች መኪና ክብደቱ በሞላውና በሾኩ በኩል ስለሚወርድ፣ የቴስቲናው ሥራ ሸክም መሸከም ሳይሆን ጎማውን በቦታው መያዝ ነው። የቶዮታ የጥገና መጽሐፍ የሚያዘው እንዲህ ነው፦ መኪናዋ በክሪክ ትነሳና ከጎማው ሥር ከ18 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው እንጨት ይገባል፤ ሞላው ግማሽ ያህል ሸክም እስኪይዝ ክሪኩ ዝቅ ይላል፤ ከዚያ ብራቾው ወደ ላይና ወደ ታች ይነቀነቃል። የሚፈቀደው ልቅነት ዜሮ ነው። ሞከርኩት፤ ቴስቲናው ንቅንቅ አላለም።

የቀረኝ ፍንጭ ፍሬኑ ነበር። የኮብልስቶኑን ኳኳታ ብዙ ነገር ሊያመጣው ይችላል። ፍሬን ሲያዝ አንዴ ብቻ የሚመታ ነገር ግን ወደ ኋላ የሚሸሽ ነገር ነው። እዚህ ላይ የእግሩን አመጣጥ ማወቅ ይጠቅማል። ንድፉ ኧርል ማክፈርሰን የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ጄኔራል ሞተርስ ውስጥ ሳለ ለአንዲት ርካሽና ትንሽ መኪና ያሰበው ነው። መኪናዋ ሳትመረት ቀረች፤ እሱም በፈረንጆች 1947 ወደ ፎርድ ተሻገረ። ሐሳቡ በ1949 ፎርድ ፈረንሳይ ውስጥ በሠራት ቬዴት፣ በ1950 ደግሞ በእንግሊዟ ኮንሱል ላይ ዋለ። ብልሃቱ መቀነስ ነበር። ጎማውን ከላይና ከታች የሚይዙ ሁለት ብራቾዎች በተለመዱበት ጊዜ እሱ የላይኛውን አስወግዶ ሥራውን ለሾኩ ሰጠው። ስለዚህ ፍሬን ሲያዝ ወደ ኋላ የሚገፋውን ጎማ በዋናነት የሚይዘው የታችኛው ብራቾ ነው፤ እሱንም ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያያይዙት ሁለት ጎሚኒዎች ናቸው።

ረጅም ብረት በብራቾውና በሚታሰርበት መቀመጫ መካከል አስገብቼ ስገፋ ብራቾው ወደ ኋላ ሄዶ ኳ አለ። ያው ድምፅ! ባትሪ አብርቼ ሳይ የፊተኛው ጎሚኒ ላስቲክ ከመሃሉ ቱቦ ተገንጥሏል።

ያየው ሁሉ «ፌክ ነው የሸጡልህ» አለኝ። ፌክ ዕቃ መኖሩን ማን ያጣዋል? ብራቾውን አውርጄ ላስቲኩን ስነካካው ግን ልቤ አልተቀበለውም። አልተፈረፈረም፣ አልለሰለሰም፣ በጥፍሬ ስጫነው ተመልሶ ይነሳል። ስንጥቁም ተበታትኖ የወጣ አይደለም፤ የመሃሉን ቱቦ ጥግ ጥጉን ተከትሎ ግማሽ ክብ ሠርቷል።

ጡረታ የወጡ መካኒክ ጎረቤት አሉን። «ጋሼ፣ እስቲ ይዩልኝ» ብዬ ሰጠኋቸው። አገላብጠው አዩና ስለ ላስቲኩ ምንም ሳይሉ «ቡሎኑን ሲያጠብቁት መኪናዋ በጎማዋ ቆማ ነበር ወይስ ተንጠልጥላ?» አሉኝ። አላየሁም አልኳቸው። «ተንጠልጥላ ከሆነ ይኼ ከገባበት ቀን ጀምሮ ተጠምዝዞ ነው የኖረው።»

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ጎሚኒ የውጭ ቀለበትና የመሃል ቱቦ አለው፤ ላስቲኩ ከሁለቱም ጋር ፋብሪካ ውስጥ ተጣብቋል። ብራቾው ሲወጣና ሲወርድ ላስቲኩ ራሱ ይጠመዘዛል እንጂ የሚንሸራተት ነገር የለም። ቡሎኑ ሲጠብቅ የመሃሉ ቱቦ ይታሰራል፤ ብራቾው በዚያች ሰዓት ያለበት ማዕዘን የላስቲኩ ማረፊያ ይሆናል። 35 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ብራቾ ጎማው 8 ሳንቲ ሜትር ወርዶ ሳለ ከታሰረ፣ መኪናዋ መሬት ስትነካ ላስቲኩ 13 ዲግሪ ያህል ይጠመዘዛል። ቆማ እንኳ አያርፍም፤ ጉብታ ሲመጣ ደግሞ ይጨመርበታል። የመጠምዘዙ ጫና የሚበረታው በመሃሉ ቱቦ ዙሪያ ነው፤ ስንጥቁም የወጣው እዚያው ነው።

ይህ ሁሉ ግን ገና ግምት ነው። የሚያረጋግጥልን በዚያው ጋራዥ፣ በዚያው ቀን የተገጠመው የግራው ጎሚኒ ነበር፤ ገና አልተቀደደም። ጋሼ ያሉት እውነት ከሆነ፣ መኪናዋ በጎማዋ ቆማ ሳለ ቡሎኑ ሲላላ የመሃሉ ቱቦ በራሱ መዞር አለበት። የቀኙን ብራቾ መልሰን ከገጠምን በኋላ የፊት ጎማዎቹን በወፍራም ሳንቃ ላይ አሳረፍን፤ ለኋላዎቹ ታኮ አደረግን። ከቱቦው ጫፍ እስከ መቀመጫው አንድ ቀጥ ያለ የጠመኔ መስመር አሰመርኩና መፍቻውን ገፋሁ። ቡሎኑ ላላ ሲል ጠቅ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ መስመሩ ለሁለት ተሰበረ። የቱቦው ግማሽ ከመቀመጫው ግማሽ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ርቆ ቆመ። ጋሼ ሳቁ፤ እኔም ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም።

የቀረው ጉልበት ነው። መኪናዋን በክሪክ ብቻ ሳይሆን በብረት መቆሚያ ላይ አሳርፈን ሁለቱንም ብራቾ አወረድን። ከሶማሌ ተራ የገዛሁትን ጎሚኒ ፕሬስ ያለው ወርክሾፕ አስገባልን፤ ይህን ቤት ውስጥ በመዶሻ መሞከር ቀለበቱን ማበላሸት ነው። ለቴስቲናው ዳዶ አዲስ ኮፒሊያ አደረግን። የብራቾውን ቡሎኖች ግን ለጊዜው ላላ አድርገን ብቻ ያዝናቸው። ጎማው ገብቶ፣ መኪናዋ ሳንቃው ላይ አርፋ፣ ፊቷን ደጋግመን ተጭነን ካረጋናት በኋላ ነው በቶርክ መፍቻ ያጠበቅናቸው። በማግስቱ አላይመንት አሠራኋት። ኮብልስቶኑ ላይ ስሄድ የሚሰማው የጎማው ድምፅ ብቻ ነው።

ደህና የሚመስለውን የግራ ጎሚኒ ጋሼ ሞርሳ ላይ አስረው በመጋዝ ለሁለት ሰነጠቁት። ከውጭ ምንም አይታይበትም ነበር። ውስጡ ግን ላስቲኩ ከመሃሉ ቱቦ መላቀቅ ጀምሯል፤ መላቀቁ የዙሪያውን ሲሶ ያህል ደርሷል።