«እንደሚዘጋ» ወይስ «እንዲዘጋ»? የመናገርና የመፈለግ ግሦች በላቲንና በሰርቦ-ክሮኤሺያኛ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ተማሪዬ በቤተ ሙከራ ጠረጴዛ ላይ አጭር ማስታወሻ ትቼለት ነበር፤ «ቫልቩ ማታ እንደሚዘጋ ለቴክኒሻኑ ንገረው» የሚል። ለመጻፍ ያሰብኩት ግን «እንዲዘጋ» ነበር። ተማሪው መልእክቱን አደረሰ፤ ቴክኒሻኑም ሌላ ሰው እንደሚዘጋው ተረድቶ ወደ ቤቱ ሄደ። በማግሥቱ የናይትሮጅኑን ሲሊንደር ባዶ ሆኖ አገኘነው፤ የአንድ ሳምንት ልኬታችንም ከንቱ ቀረ።

ውድ አንባብያን፣ «እንደሚዘጋ» ወሬ ነው፤ «እንዲዘጋ» ግን ፈቃድ ወይም ትእዛዝ ነው። ሌሎች ቋንቋዎች ይህን ድንበር በምን ያሰምሩታል? ለማነጻጸሪያ ላቲንንና ሰርቦ-ክሮኤሺያኛን የመረጥኩት በአንድ የሙያ አባታችን ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1711 በዱብሮቭኒክ የተወለደው ሩጄር ቦሽኮቪች በ1758 በቪየና ያሳተመውን የተፈጥሮ ፍልስፍና መጽሐፍ የጻፈው በላቲን ሲሆን፣ በትውልድ ከተማው ይነገር የነበረው የስላቭ ቋንቋ ግን ኋላ ሰርቦ-ክሮኤሺያኛ ከተባለው ወገን ነው።

በላቲን «ዲኮ ኤዉም ዌኒሬ» ማለት «እርሱ እንደሚመጣ እናገራለሁ» ነው። ቃል በቃል ሲፈታ «እርሱን መምጣት እላለሁ» ይሆናል፤ ይኸውም ባለቤቱ የተሳቢን፣ ግሡም የአርእስትን መልክ ይይዛል። «ዲኮ ኤኢ ኡት ዌኒያት» ሲባል ግን «እንዲመጣ እነግረዋለሁ» ማለት ነው፤ «ኡት» ገብቶ ግሡ የፈቃድን መልክ ይለብሳል። የመፈለግ ግሥ የሆነው «ዎሎ» በሁለቱም መንገድ ይሄዳል፤ «ዎሎ ቴ ዌኒሬ» ቢሉም «ዎሎ ኡት ዌኒያስ» ቢሉም ትርጉሙ «እንድትመጣ እፈልጋለሁ» ነው።

በሰርቦ-ክሮኤሺያኛ ማገናኛው አንድ ነው፤ «ዳ»። «ካዤ ዳ ዶላዚ» «እየመጣ መሆኑን ይናገራል» ሲሆን፣ «ካዢ ሙ ዳ ዶጄ» ግን «እንዲመጣ ንገረው» ነው። ልዩነቱን የሚሸከመው ግሡ ራሱ ነው፤ «ዶላዚ» በሂደት ላይ ያለን ድርጊት ሲያሳይ፣ «ዶጄ» ፍጻሜውን ያያል፤ አሁን በመከናወን ላይ ላለ ድርጊትም አይውልም። «መምጣት እፈልጋለሁ» ለማለት በክሮኤሺያ «ዤሊም ዶቺ»፣ በሰርቢያ «ዤሊም ዳ ዶጄም» ማለት ይዘወተራል።

ከሁሉ የሚያስደንቀው «ሆቹ»፣ ማለትም «እፈልጋለሁ»፣ አጥሮ «ቹ» በመሆን የትንቢት ምልክት መሆኑ ነው፤ «ያ ቹ ዶቺ» «እመጣለሁ» ማለት ነው። በእኛም ዘንድ «ብርጭቆው ሊወድቅ ሲል ያዝኩት» እንላለን፤ ብርጭቆው ግን አንዳች አልተናገረም። መፈለግም መናገርም ገና ያልሆነውን ነገር ለማመልከት ያገለግላሉ ማለት ነው።

የሳይንስ ተማሪ የሆነውንና እንዲሆን የሚሻውን ለይቶ መጻፍ ይገባዋል። እኔም ከዚያ ቀን ወዲህ በማስታወሻዬ ላይ የምጽፈው በቀጥታ «ቫልቩን ዝጉ» ብዬ ነው።