የለገሃር ባቡርና የአራት ኪሎው ማግኔት መለኪያ

«ለገሃር» የሚለው ስም ጣቢያ የሚል ትርጉም ካለው «ላ ጋር» ከተባለ የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ መሆኑ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ባቡር በመጀመሪያ በእንፋሎት፣ በኋላም በናፍጣ የሚጎተት ስለነበር እኛን የፊዚክስ ሰዎችን እምብዛም አላስጨነቀንም። እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ በለገሃር የሚያልፈው ቀላል ባቡር ግን በኤሌክትሪክ ይሄዳል፤ ጉዳዩም ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘውን የአራት ኪሎ ግቢያችንን ይነካል።

በግቢያችን የሚገኘው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1957 እና 1958 በተካሄደው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ሰሞን ሲሆን፣ የመሩትም የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን የነበሩት ፒየር ጉዌን ናቸው። አዲስ አበባን ለዚህ ሥራ ተፈላጊ ያደረጋት ለማግኔት ወገብ በጣም ቅርብ መሆኗ ነው። በዚህ ቀበቶ ላይ፣ ወደ 110 ኪሎ ሜትር ከፍታ፣ ቀን ቀን ብርቱ የኤሌክትሪክ ጅረት ወደ ምሥራቅ ይፈሳል። 36,000 ናኖቴስላ ገደማ በሆነው የከተማችን የማግኔት መስክ ላይ እኩለ ቀን አካባቢ የሚጨምረው ብዙ አሥር፣ አንዳንዴም ከ100 በላይ ናኖቴስላ ነው። ዘመናዊ ጣቢያ ይህን ለውጥ እስከ ናኖቴስላ አንድ አሥረኛ ድረስ ለይቶ ይመዘግባል።

ቀላል ባቡሩ የሚጠቀመው 750 ቮልት የሆነና አቅጣጫውን የማይለዋውጥ ኮረንቲ ነው። ለስሌት ያህል አንድ ባቡር 1,000 አምፔር ይስባል እንበል። ኮረንቲው በላይኛው ሽቦ ሄዶ በሐዲዱ ሙሉ በሙሉ ቢመለስ፣ የሁለቱ መስኮች እርስ በርስ ስለሚጣፉ ከለገሃር እስከ አራት ኪሎ የሚደርሰው 0.1 ናኖቴስላ ብቻ ይሆናል። ችግሩ ሐዲድ መሬት ላይ የተጋደመ ብረት መሆኑ ነው። ከመቶ አምስት እጁ፣ ማለትም 50 አምፔር፣ ወደ አፈር ቢያመልጥ ግን አጣፊ የሌለው መስክ ይፈጠራል፤ መጠኑም በዚያው ርቀት 3 ናኖቴስላ ገደማ ይሆናል። መስመሩ እስከ ምኒልክ አደባባይ የተዘረጋ በመሆኑ ርቀቱ እዚያ ከግማሽ በታች ይወርዳል፤ መስኩም በዚያው ልክ ያድጋል።

ባቡሩ በሌሊት ስለሚቆም የሌሊቱን መዝገብ ለምን አንጠቀምም የሚል ተማሪ አይጠፋም። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ነገር ግን እኛ የምንሻው የሰማይ ጅረት የሚበረታው ቀን፣ ባቡሩ ሰው ሲያመላልስ ነው።

በሌላው ዓለምም ይኸው ደርሷል። የቶኪዮው ጣቢያ በከተማው ትራም ሳቢያ እ.ኤ.አ. በ1913 ወደ ካኪዮካ ተዛወረ። በካኪዮካ አካባቢ የሚያልፉ ባቡሮች ዛሬም አቅጣጫው በሚለዋወጥ ኮረንቲ እንዲሄዱ ይደረጋል፤ በሴኮንድ ብዙ ጊዜ የሚገለባበጥ መስክ በአንድ ደቂቃ አማካይ ውስጥ ይጠፋልና። አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡርም የዚህ ዓይነት ነው።

ቀላል ባቡሩን እኛም እንሳፈርበታለን፤ ይቅር አንልም። በእኛ አስተያየት ከከተማ ርቆ ሁለተኛ መለኪያ መትከል ያስፈልጋል። ነባሩን ግን ወዲያው መንቀል ስሕተት ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ለጥቂት ዓመታት ካልሠሩ፣ ከ1950ዎቹ ጀምሮ የተጠራቀመውን መዝገብ ከአዲሱ ጋር የምናገናኝበት ቁጥር አይኖረንም።