ሃይፐርቫይዘር፦ በመኪና ዳሽቦርድ ውስጥ ያለው አጥር

ሃይፐርቫይዘር በአንድ ፕሮሰሰር ላይ ሁለትና ከዚያ በላይ ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች ጎን ለጎን እንዲሠሩ፣ አንዱም ሌላውን እንዳይነካ የሚያደርግ ሶፍትዌር ነው። እያንዳንዱ ሲስተም የራሱ ኮምፒውተር ያለው ሆኖ ይሠራል፤ ፕሮሰሰሩንና ሜሞሪውን የሚያከፋፍለው ግን ከሥር ያለው ሃይፐርቫይዘር ነው። አሠራሩ ቨርቹዋላይዜሽን ይባላል። አይቢኤም በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ውድ የነበሩ ትልልቅ ኮምፒውተሮችን ለብዙ ተጠቃሚ ለማዳረስ ጀመረው። ዛሬ ከዳባት ወደ ደባርቅ በሚወጣ የኤሌክትሪክ መኪና ዳሽቦርድ ውስጥም ሊገኝ ይችላል።

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ በቻይና የተሠሩ የኤሌክትሪክ መኪኖች በዝተዋል። በእነዚህ መኪኖች የፍጥነት መርፌው ቦታውን ለስክሪን ለቋል። ፍጥነቱና የማስጠንቀቂያ ምልክቶቹ፣ ካርታው፣ ሙዚቃውና ስልኩ ሁሉም በስክሪን ይታያሉ። ቀደም ሲል ለእያንዳንዱ የተለየ ኮምፒውተር ይመደብ ነበር፤ ፕሮሰሰር እየጠነከረ ሲሄድ ብዙ አምራቾች ወጪና ሽቦ ለመቀነስ በአንድ ቺፕ ላይ ሰበሰቧቸው። ፍሬንና መሪ ግን አሁንም የራሳቸው ኮምፒውተር አላቸው።

ችግሩ በአንድ ቺፕ ላይ የተሰበሰቡት ሥራዎች ጠባያቸው አንድ አለመሆኑ ነው። ዘፈን ለአፍታ ቢቋረጥ የሚጎዳ ሰው የለም። የፍሬን ማስጠንቀቂያ ግን በተወሰነለት ጊዜ መታየት አለበት፤ ሪል ታይም ማለትም ይኸው ነው፤ ዋናው ነገር ከቀጠሮ አለማለፍ እንጂ ፍጥነት ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ሕግ የኋላ ካሜራው ምስል ማርሹ ወደ ኋላ በገባ በ2 ሴኮንድ ውስጥ መታየት አለበት። ብዙ ጊዜ መዝናኛውን የሚያሠራው አንድሮይድ ከጠፋበት እስኪነሳ ከዚህ የበለጠ ጊዜ ሊፈጅ ስለሚችል፣ ካሜራው ቶሎ ለሚነሳ ትንሽ ሲስተም ይሰጣል።

ከደባርቅ ወጣ ብሎ የሚጀምረው የሊማሊሞ ቁልቁለት ከቀጠሮ ያለማለፍን ትርጉም በደንብ ያሳያል። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተጠረበው ጠመዝማዛ መንገድ ወደ ዛሪማ አቅጣጫ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። የኤሌክትሪክ መኪና ቁልቁለት ሲወርድ ሞተሩ ኃይል እያመነጨ ባትሪውን ይሞላል፤ መኪናውንም ይይዘዋል። ባትሪው ደባርቅ ላይ ጢም ብሎ ከተሞላ ግን ኃይሉ የሚገባበት ቦታ ስለሌለ የሞተሩ መያዝ ይቀንሳል፤ ሸክሙም ወደ ፍሬን ሸራው ይዞራል። ሾፌሩ ይህን የሚነግረውን ምልክት ከመጠምዘዣው በፊት ማየት አለበት። በዚያች ሰዓት ካርታው ኔትወርክ አጥቶ ቢንቀራፈፍ ወይም ጭራሽ ቢደርቅ፣ የፍጥነቱ ቁጥር አብሮ መድረቅ የለበትም።

ሃይፐርቫይዘሩ ይህን የሚያሳካው በሃርድዌሩ እየታገዘ ነው። ለዳሽቦርዱ የተመደበውን የሜሞሪ ክፍል የመዝናኛው ሲስተም ሊያነበውም ሊጽፍበትም አይችልም። ከፕሮሰሰሩ ኮሮች (ራሳቸውን ችለው ከሚያሰሉት ክፍሎቹ) የተወሰኑት ለዳሽቦርዱ ብቻ ይቀመጣሉ። እንደ ዋይፋይ ያሉ መሣሪያዎች በቀጥታ ወደ ሜሞሪ እንዳይጽፉም የተለየ ጠባቂ ሃርድዌር አለ። ከባዱ ነገር የጋራው ነው፤ ተከራዮች የየራሳቸው ክፍል ቢኖራቸውም የግቢው ቧንቧ አንድ እንደሚሆን፣ ኮሮቹ ቢለያዩም ወደ ሜሞሪ የሚወስደው መስመር አንድ ነው። አንድሮይድ ከባድ ቪዲዮ ሲከፍት መስመሩን ያጨናንቃል፤ ዳሽቦርዱም ሊዘገይ ይችላል። ስለዚህ አንዳንድ አምራቾች ለእያንዳንዱ ሲስተም የመስመር ድርሻ ይወስናሉ፤ የማስጠንቀቂያ ምልክቱ በእርግጥ ስክሪኑ ላይ መሳሉን የሚያረጋግጥ መቆጣጠሪያም ይጨምራሉ። ሃይፐርቫይዘሩ ራሱም ትንሽ መሆን አለበት፤ ኮዱ ባነሰ ቁጥር መመርመሩ ይቀላል። በዚህ ገበያ ከሚታወቁት መካከል የካናዳው ኪውኤንኤክስና በ2018 (እ.ኤ.አ.) በሊኑክስ ፋውንዴሽን ሥር የተጀመረው ኤክርን ይገኛሉ።

ደኅንነቱ ግን በአጥሩ ብቻ አያልቅም፤ በሩም መጠበቅ አለበት። በ2015 (እ.ኤ.አ.) ቻርሊ ሚለርና ክሪስ ቫላሴክ የተባሉ ተመራማሪዎች በስልክ ኔትወርክ በኩል ወደ አንድ ጂፕ ቼሮኪ የሬዲዮ ሲስተም ገቡ። ሬዲዮውን ከመኪናው የውስጥ መስመር ጋር የሚያገናኘውን ቺፕ ሶፍትዌር ቀይረው ከርቀት ለመኪናው ትእዛዝ ሰጡ፤ አምራቹም 1.4 ሚሊዮን መኪኖችን ለእርማት ጠራ። ቺፑ የአምራቹ ዲጂታል ፊርማ የሌለበትን ሶፍትዌር ባይቀበል ኖሮ ሰዎቹ እዚያው ሬዲዮው ላይ ይቆሙ ነበር። በደንብ በተሠራ መኪና፣ የመዝናኛው ሲስተም ወደ ውስጥ መስመር የሚልከው መልእክት ሁሉ ጌትዌይ በተባለ ማጣሪያ ያልፋል፤ የተፈቀደው ብቻ ይገባል።

ይህ ለኢትዮጵያ ባለመኪና ሩቅ ጉዳይ አይደለም። ለቻይና ገበያ የተሠሩ መኪኖች ስክሪናቸው በቻይንኛ ስለሚመጣ ቋንቋውን ማስቀየር የብዙዎች ፍላጎት ነው። በአንድሮይዱ ክፍል ውስጥ የሚደረግ ለውጥ ቢበላሽ፣ አጥሩ እስካለ ድረስ ጉዳቱ እዚያው ይቀራል። የጌትዌዩን ወይም የዳሽቦርዱን ሶፍትዌር መንካት ግን አጥሩን ማፍረስ ነው። መኪናውን ለባለሙያ የሚሰጥ ሰው የሚነካው የትኛው ክፍል እንደሆነ አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ቁርጥ ያለ መልስ ካላገኘ ቁልፉን አይስጥ።