ሰርዶ በቦሌ አራብሳ

«እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል አለች አህያ።» ይህን ተረት የማያውቅ የለም። ሰርዶ ለአህያ ምግብ ነው። ለገበሬ ግን ጠላት ነው። ጤፍ ማሳ ውስጥ ከገባ ማረሻ ይቆራርጠዋል። የተቆራረጠው ሁሉ እንደገና ሥር ያወጣል። አንዱን ሲያጠፉት አሥር ይሆናል።

ታዲያ ይህን ሰርዶ ሰው አስቦበት ይተክለዋል ቢባል ታምናላችሁ? በቦሌ አራብሳ ተተክሏል።

ቦሌ አራብሳ በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳር ያለ ሰፈር ነው። ድሮ እርሻ ነበር። አሁን ሰዉ ኮንዶሚኒየም የሚላቸው የጋራ መኖሪያ ፎቆች ተሠርተውበታል። ፎቅ ይሠራበት እንጂ መሬቱ ያው መሬት ነው። ጥቁር መረሬ ነው። ዋልካ የሚለውም አለ። በክረምት ያብጣል፣ ጫማ ይዞ ያስቀራል። በበጋ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁ እጅ ያስገባል። በፎቆቹ መካከል ያለው ባዶ ቦታ አንድ ጊዜ ጭቃ፣ አንድ ጊዜ አቧራ ነው። ልጆች የሚጫወቱትም እዚያው ላይ ነው።

በአንዱ ግቢ በጥበቃ ሥራ ላይ ያሉ ሽማግሌ አሉ። ቀድሞ በዚያው አካባቢ አራሽ ነበሩ። የግቢው ነዋሪዎች ገንዘብ አዋጥተው፣ እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ የሚሸጥ ሣር ገዙ። ሐምሌ ላይ በጥቁሩ አፈር ላይ አነጠፉት። ውሃ ተኛበት። በነሐሴ ሣሩ ቢጫ ሆነ፣ ሥሩ በሰበሰ። የተዋጣው ገንዘብም እንዲሁ ቀረ።

ከነዋሪዎቹ አንዷ ሽማግሌውን ጠየቀቻቸው።

«አባባ፣ እዚህ መሬት ላይ ሣር አይበቅልም ማለት ነው?»

«ለምን አይበቅልም ልጄ! ዕድሜዬን ሙሉ ስነቅለው የኖርኩት ምን ሆነና? ውሃው መውጫ ስላጣ ነው እንጂ።»

እውነታቸውን ነው። መረሬ ውሃ ቶሎ አያሰርግም። ውሃ ሲተኛ ሥር አየር ያጣል። በሰሜን ሸዋ የእነዋሪ ገበሬዎች ይህን ከጥንት ያውቁታል። መሬቱን በእጃቸው ከፍ እያደረጉ መደብ ያበጃሉ። በመደብና በመደብ መካከል ቦይ ይተዋሉ። የዝናቡ ውሃ በቦዩ ይወርዳል፣ ስንዴው ከላይ ደህና ይቆማል። ለስንዴ የበጀ ለሣርም ይበጃል።

ሽማግሌው በሚቀጥለው ዓመት ግንቦት ላይ ሥራ ጀመሩ። በመጀመሪያ የብሎኬቱንና የሲሚንቶውን ስብርባሪ ለቀሙ። ከዚያ መሬቱን አንድ ስንዝር ያህል ቆፈሩ። ጭቃ ሳለ አልነኩትም፤ መረሬ በጭቃው ከተቆፈረ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ጓል ይሆናል። የከረመና የተብላላ ፍግ ደባለቁበት። ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል፣ የአረም ዘርም ይዞ ይመጣል። መሃሉን ከፍ፣ ዳርና ዳሩን ዝቅ አደረጉ።

ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲገባ ከመንገድ ዳር ሰርዶ ነቅለው አመጡ። በነጻ ነው። ሦስት ሦስት አንጓ ያለው ሐረግ ቆርጠው፣ በየስንዝሩ ተከሉ። ሁለቱን አንጓ ቀበሩ፣ ጫፉን ከላይ ተዉት፣ በእግራቸው ጠቅ ጠቅ አደረጉት። በመስከረም ሐረጉ ከላይ፣ ሥሩ ከታች እየሄደ አብዛኛውን መሬት ለበሰው። ደጁ በጎርፍ የሚቦረቦርበት ገበሬም ቢሞክረው አፈሩን ይይዝለታል።

ይህ ሰርዶ ዓለምን የዞረ ሣር ነው። በአሜሪካ አገር በደቡብ በኩል፣ ሙቀቱና ወበቁ እንደ ጋምቤላ በሚከብድበት፣ ሰው ደጃፉንና የኳስ ሜዳውን የሚያለብሰው በዚሁ ሰርዶ ነው። «የቤርሙዳ ሣር» ይሉታል። ሙቀት ይወዳል። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ያለች ደጋ ናት። ስለዚህ በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ሰርዶ ማደጉን ይቀንሳል፣ ይገረጣል። ሞተ ብላችሁ አትንቀሉት። ከመሬት በታች ሕያው ነው።

ጥላ ግን አይወድም። ከፎቁ ጀርባ፣ ፀሐይ በማይደርስበት፣ ሳስቶ ቀረ። ሽማግሌው እዚያ ላይ አልታገሉም፤ ድንጋይ አነጠፉበት።

በበጋ በየቀኑ ጠብ ጠብ ከማድረግ በሳምንት አንድ ጊዜ አጥግቦ ማጠጣት ይሻላል። ሥሩ ውሃውን ተከትሎ ወደ ታች ይወርዳል። የሚጠጣው ጠዋት ነው። ማታ ካጠጡት እርጥብ ሆኖ ያድርና ሻጋታ ይይዘዋል። ሲያጭዱትም ሦስት ጣት ያህል ያስቀሩለታል። በአንድ ጊዜ ከቁመቱ ከሲሶው በላይ አይቆረጥም። አፈሩ እስኪታይ ከተላጨ ፀሐይ ይመታዋል፣ አረምም ይቀድመዋል። የታጨደው ለበግ ይሆናል።

ማሳው ውስጥ ሰርዶ የገባበት ገበሬ ደግሞ ተቃራኒውን ያድርግ። በበጋ፣ መሬቱ ደረቅ ሳለ አርሶ ሥሩን ለፀሐይ ያጋልጠው፣ ለቅሞም ያውጣው። በዝናብ ጊዜ ማረስ ግን መትከል ነው።

ሽማግሌው ይህን አልረሱም። በሣሩ ዙሪያ አንድ ስንዝር የሚጠልቅ ቦይ አለ። በየሳምንቱ ዶማ ይዘው ይዞሩታል፣ የተሻገረውን ሐረግ ይቆርጣሉ። ከቦዩ ወዲያ ነዋሪዎቹ ጎመን ተክለዋል።